እግር የሌላት መኪና

ባለፈው ሰሞን የልጅ ልጄ ፒካፑን እያስጓራ ከደጄ ቆመና «አባባ፣ ይውጡና ይዩልኝ!» አለኝ። ከዘራዬን ይዤ ወጣሁ። ከፊቷ ወፍራም የብረት አጥር አስበይዶባታል፤ ከጎኗ የጭስ ማውጫ የሚመስል ረጅም ቱቦ ወደ ሰማይ አቁሞባታል፤ ጎማዎቿማ ወገቤ ድረስ ይደርሳሉ።

«ይኸ ሁሉ ለምንድን ነው?» አልሁት።

«ለጭቃ ነው አባባ። ለገጠር መንገድ።»

«የት ገጠር ልትሄድባት?»

«እ... ለጊዜው እዚሁ ፍኖተ ሰላም ነኝ።»

አስፋልት ላይ! ሳቄም ቁጣዬም እኩል መጡብኝ። «አንተ፣ እኔ ይህን ሁሉ አባትህ ሳይወለድ ሠርቼዋለሁ» ብዬ ብነግረው፣ የጃጀ ሽማግሌ በሚታይበት ዓይን አየኝና «እሺ አባባ» አለኝ። ያ «እሺ አባባ» ነው ይህን ያስጻፈኝ።

ነገሩ የሆነው በጣሊያን ጊዜ ማብቂያ ላይ ነው። ጣሊያን ከጎጃም ለቆ ወጥቷል፤ ጎንደር ላይ ግን ገና እንደተቀመጠ ነው። ስለዚህ በእኛ አገር «ሄደ» ብሎ የሚናገር ደፋር አልነበረም። ሰው ሁሉ ለሽንት ብቅ ስላለ እንግዳ እንደሚያወራ «ወጣ ብሏል» ነበር የሚለው። ከተማችንም ወጀት መባሏ ቀርቶ ፍኖተ ሰላም ከተባለች ገና ወራት ነውና አፋችን አልለመደውም ነበር።

እኔ ያኔ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነው። ሦስቱን ዓመት በጣሊያን ካምፕ መጀመሪያ መኪና አጣቢ፣ ቀጥሎ ጎማ ለጣፊ፣ በኋላም ሾፌር ሆኜ አሳልፌያለሁ። የተማርሁት ሁለት ነገር ነው፤ መንዳትና በጣሊያንኛ መሳደብ። ሰፈርተኛው «የሶላቶ ገረድ» ይለኝ ነበር። እውነታቸውን ነው፣ አፍሬበታለሁም። ግን መኪና የሚነዳ ሰው በጠፋ ጊዜ የማንን ደጅ እንደጠኑ አልረሳሁላቸውም።

ጣሊያኖቹ ሲወጡ አንዲት ኋላዋ ክፍት የሆነች ትንሽ የዕቃ መኪና አልነሳ አለቻቸውና ላህ ወንዝ ዳር ቦይ ውስጥ ገፍትረዋት ሄዱ። ሁለት ወር ሙሉ እንደ በሽተኛ አስታመምኋት። ከካምፑ የተረፈ አንድ በርሜል ቤንዚንም ከጎተራችን ሥር ቀብሬ ነበር። አንድ ቀን ማለዳ እህህ ስትል ቆይታ ድንገት ተነሳች፤ የጎረቤት ዶሮ ሁሉ ዛፍ ላይ ወጣ። እናቴ ግን ከበሩ ላይ ሆና «የጠላት ዕቃ!» ብላኝ ገባች።

የእናቴን ነገር ካልነገርኋችሁ የመኪናዋ ነገር አይገባችሁም። እናቴ ታላቅ እህቴን ሁለት ጥማድ በሬ ላለው ለአንድ የደምበጫ ገበሬ ልትድራት ቃል ሰጥታ ነበር። እህቴ እምቢ አለችና የቡሬ ነጋዴ አገባች። ለእናቴ ነጋዴ ማለት ቤቱ በበቅሎ ጀርባ ላይ ያለ፣ መሬቱም ጫማው ላይ የተለጠፈው አፈር ብቻ የሆነ ሰው ነው። ሠርጉ ላይ አልሄደችም። ይባስ ብላ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በሰው ሁሉ ፊት ቆማ «በሚካኤል! በእግሬም ሆነ በከብት እግር ቡሬን አልረግጥም!» ብላ ማለች። የከብት እግር የጨመረችበት፣ «በእግሬ» ብቻ ብትል በቅሎ ጭነው እንደሚመጡባት ስለምታውቅ ነው። እናቴ ስትምል ቀዳዳ አትተውም ነበር።

ሦስት ዓመት እንዲሁ አለፈ። በሰኔ መጨረሻ እህቴ ወንድ ልጅ ተገላገለች። ወሬውን ይዞ የመጣው መንገደኛ መልእክትም ይዞ ነበር። «እንዲህ በልልኝ ብላለች፤ ልጄን በአርባው ቀን ሳስጠምቅ ካልመጣች፣ ከእንግዲህ እናት አለኝ አልልም። ልጄም አያቴ ማን ናት ቢለኝ ሞታለች እለዋለሁ።» እናቴ ዱቄት እየነፋች ነበር። «እንኳን ማርያም ማረቻት» አለች፤ ወንፊቱን ግን ገልብጣ ነበር የያዘችው።

ከሳምንት በኋላ ደግሞ ከምሰሶው ሥር ተቀምጣ ሰማያዊ ክር ስትገምድ አገኘኋት።

«ምንድን ነው እሱ?»

«ማተብ ነው።»

«ለማን?»

«ለጥጃዋ።»

«ጥጃ ማተብ ታስራለች እንዴ?»

«የእኔ ጥጃ ክርስቲያን ናት፤ ምን አገባህ!» አለችና ዓይኗን በነጠላዋ ጠረገች።

የወንድ ልጅ ክርስትና አርባ ቀን ነው፤ አይገፋ አይጠጋ። ያቺ ቀን ካለፈች እልኸኛ እናትና እልኸኛ ልጅ ምን ያገናኛቸዋል? በአርባው ቀን እናቴን ቡሬ ካላደረስሁ ወንድ አይደለሁም አልሁ። ለካስ እኔም መማሌ ነበር።

ወደ ነፍስ አባታችን ሮጥሁ። ቅኔ የሚያስተምሩ፣ ከተናገሩት ይልቅ ያልተናገሩት የሚከብድ ሽማግሌ ነበሩ። «አባ፣ መሐላዋን ይፍቱላት» አልኋቸው።

«ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው ልጄ። እሷ መጥታ ሳትጠይቀኝ ምኑን እፈታለሁ? እሷ ደግሞ ከምትጠይቀኝ ብትሞት ትመርጣለች። ይልቅስ መሐላውን አንድ ጊዜ ድገምልኝ።»

ደገምሁላቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው የተማሪ ቅኔ እንደሚሰሙ ሰሙኝ። «በእግሬ... በከብት እግር...» እያሉ ቆዩና ዓይናቸውን ገለጡ። «ያቺ ያንተ መኪና እግር አላት?»

መጡና ሦስት ጊዜ ዞሯት። ጎንበስ ብለው ጎማዋን በመቋሚያቸው ነካ ነካ አደረጉት። እናቴ ከበሩ ብቅ ብላ፣ «አባቴ፣ እንዲያው ለነገሩ ያህል ነው፤ አንዲት ሴትዮ ጠይቂልኝ ብላኝ...» ስትል፣ «አውቃታለሁ» አሉ ቀና ሳይሉ። «ንገሪያት። እግር ማለት ጣት ወይም ሰኮና ያለው ነው። ይኸ ክብ ነው። ክብ ነገር ይንከባለላል እንጂ አይረግጥም። ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ድረስ በመኪና ትሂድ፤ ልጁን ወደ ላይ ያቀብሏት፤ ትሳመው። ካልወረደች መሐላዋ አልፈረሰም።»

እናቴ «ለሴትዮዋ እነግራታለሁ» ብላ ገባች። ወዲያው ሣጥን ሲከፈት ሰማሁ፤ የጥምቀት ቀሚሷን ልታወጣ ነው።

ቀሪው መንገዱ ነበር። ከፍኖተ ሰላም ቡሬ በበጋ የአንድ ቀን የእግር መንገድ ነው። በክረምት ግን ጣሊያን ያፈሰሰው ጠጠር ከጭቃው ሥር ተቀብሮ በቅሎ እስከ ሆዷ ትገባለች። የመኪናዬ ጎማ ደግሞ ከማለቁ የተነሳ መላጣ ነው። እንግዲህ የዛሬ ልጆች ጋራዥ ወስደው የሚያስቀጥሉትን ሁሉ እኔ ከበረትና ከማጀት ለቅሜ ልቀጥል ተነሳሁ።

በመጀመሪያ ለጎማ። የጎረቤታችን በሬ ገደል ገብቶ ሞቶ ነበርና ቆዳውን ለመንሁት። ጥሬውን፣ ጠጉሩን ወደ ውጭ አድርጌ በኋላ ጎማዎቿ ላይ ጠቅልዬ በጠፍር ጠፈርሁት። ሥራዬን ቆሜ ሳደንቅ እናቴ መጥታ ዞረችውና ጮኸች። ዘወር ብዬ ባይ ከቆዳው ጫፍ አንድ ሰኮና ከነቁርጭምጭሚቱ ተንጠልጥሏል።

«ይኸ የከብት እግር አይደለም? በል ንገረኝ! በከብት እግር ልትወስደኝ ነው?»

«ማላዴቶ!» አልሁ በጣሊያንኛ። መጥረቢያ አምጥቼ ቆርጬ ጣልሁት። እሷ ግን አላመነችኝም፤ አራቱንም ጎማ አንድ በአንድ በእጇ ዳበሰች።

በዚህ ላይ ጎረቤታችን መጣና «ለመኪናህ ጫማ ሰፋህላት?» አይለኝም! እናቴ እንደገና ብድግ። ጫማ ያደረገ እግር አለው ማለት ነዋ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በመኪናዋ ዙሪያ «እግር» እና «ጫማ» የሚባሉ ቃላት ተከለከሉ። ቆዳው «ቀሚስ» ተባለ። አባም «ቀሚስ ይሁን፤ ቀሚስ አይራመድም» ብለው አጸደቁልን።

ከፊቷ ቁጥቋጦ እንዲገፋልኝ አሮጌ ቀንበር አግድም አሰርሁባት። አሁንስ ምን ትል ይሆን ብዬ እናቴን በሥጋት አየኋት። «ቀንበር የአንገት ነው፤ በአንገት አልማልሁም» አለች። ውሃ ስንሻገር ጭስ ማውጫዋ እንዳይታፈን ደግሞ ከአዊ የመጣ ረጅም ቀርከሃ ሰካሁባትና ጫፉን ወደ ሰማይ አቆምሁት። ሞተሩ ሲነሳ ቀርከሃው እንደ እምቢልታ ይነፋ ጀመር። ላስተካክለው ሞከርሁ፤ ጭራሽ ድምፁ አማረ፤ ተውሁት።

ግራሶ ስላልነበረኝ ሞራ ልቀባት ነበር። ፍልሰታ ገብቷልና አባን ጠየቅኋቸው። «በፍልሰታ ሞራ? ትጹም እንጂ!» አሉ። ስለዚህ መጋጠሚያዋ ሁሉ የኑግ ዘይት ተቀባ። እስከ ቡሬ ድረስ እንደ ጾም ወጥ ስትሸት ነበር። በመጨረሻም ኋላዋ ላይ የእናቴን አልጋ አሰርሁና ለዝናቡ ገሳ አለበስሁት።

በሠላሳ ዘጠነኛው ቀን ጠዋት ተነሳን። እናቴና አባ አልጋው ላይ፣ ጎረቤታችን ለመግፋት ከኋላ፣ እኔ መሪው ላይ። ማተቡ እናቴ በለበሰችው ቀሚስ ጥለት ውስጥ ተሰፍቷል፤ አላየሁም መስሏታል።

ቀርከሃው እየነፋ በየመንደሩ ስናልፍ ሰው ሹም የመጣ መስሎት ነጠላውን እያጣፋ ይወጣል፤ ሴቶቹ እልል ይላሉ። ብቅ ብለው የሚያዩት ግን ቀንበር ያሰረች፣ ጠጉራም ቀሚስ የለበሰች፣ ኑግ ኑግ የምትሸት መኪና ነው። ያም ሆኖ ከወጡ አይቀር ይገፉናል። ያለዚያ ቀርከሃ አንድ መንደር እንኳ ባላለፍን ነበር።

ከማንኩሳ ወዲህ ካለ ረግረግ ስንደርስ መኪናዋ ዘመመችና ቆመች። ጎረቤታችን ራሱን ይዞ «ኧረ እግሯ ሰመጠ!» ብሎ ጮኸ።

«የማን እግር?» አለች እናቴ ከገሳው ሥር።

«የ... የጎማዋ፣ እሜቴ! ቀሚሷ ነው የሰመጠ! አፌን አዳልጦኝ ነው፣ ይማሩኝ!»

«እንደሱ በል።»

አንድ ደግ ገበሬ ጥማድ በሬዎቹን ነድቶ መጣና ቀንበሩን አይቶ ደስ አለው። «ቀንበሩንስ ይዛችሁ ነው የመጣችሁ፤ መጥመድ ብቻ ነው!» አለ። እናቴ ከአልጋው ተነስታ ቆመች። «ንካና! በከብት እግር ቡሬ ልታስገባኝ?» ገበሬው አንዴ እሷን አንዴ አባን አየ። አባ ጺማቸውን ያሻሉ። «ታዲያ በምን ትውጣ?» አለ ሰውዬው። እናቴ ከቧት የቆመውን ሰው ሁሉ ቃኘችና «በሰው እግር አልማልሁም» አለች። እንግዲህ ምን ይደረግ፤ ሰዎቹ ጠፍሩን ከቀንበሩ ላይ አስረው እየተሳሳቁ ጎተቱን። በሬዎቹ ከዳር ቆመው እያመነዠኩ ሰው ሲጠመድ ያዩ ነበር።

ማንኩሳ አደርን። ጎሕ ሲቀድ ወጥቼ ባይ፣ የመንደሩ ውሾች የመኪናዋን ቀሚስ በልተው ጨርሰው የተረፈውን ጠፍር ይጓተታሉ። አንዱ በልቶ ጠግቦ ከሥሯ ተኝቷል። አባ ብቅ ብለው አዩና «ፍልሰታን የሻረ ውሻ ብቻ ነው» አሉ። እኔ ግን ሳቅ አልመጣልኝም። አርባኛው ቀን ገብቷል፤ የመንገዱ ግማሽ ገና ይቀራል። በፍልሰታ ቅዳሴው ከቀትር በኋላ ስለሆነ ልጁን እስከ ስድስት ሰዓት ያጠምቁታል፤ ከዚያ በኋላ ብንደርስ ምን ዋጋ አለው? ጭቃው ላይ ተቀመጥሁና የማውቀውን የጣሊያንኛ ስድብ በሙሉ አወረድሁት። ሲያልቅብኝ ከመጀመሪያው ጀመርሁ።

እናቴ ስጨርስ ጠብቃ «ምን ጎደለ?» አለችኝ።

«ቀሚስ!»

ጥቅሏን ፈታች። ልትቀይረው የያዘችውን፣ በዓመት አንድ ቀን የምትለብሰውን የጥምቀት ቀሚሷን አወጣችና ከመሐሉ ተርትራ ለሁለት ከፈለችው። «ኧረ እማዬ!» ብል፣ «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ ይባል የለ? የልጄ ልጅ ጥምቀት ዛሬ ነው፤ ይበጣጠስ!» አለች። በሦስት ዓመት ውስጥ «የልጄ ልጅ» ቀርቶ «ልጄ» ስትል ስሰማት የመጀመሪያዬ ነበር። ቀሚሱን ጎማዎቹ ላይ ጠቀለልሁት። ጥለቱ ወደ ውጭ ሆነ።

ቡሬ ስንገባ ፀሐይ አናት ላይ ልትደርስ ምንም አልቀራትም። የቤተ ክርስቲያኑ ዛፎች ታዩን፤ በሩም ታየን። አንዲት ዳገት ብቻ ነበር የቀረችን። የዳገቷ እግር ላይ መኪናዋ ተንደፋደፈች፣ ጥለቱ ተቦጨቀ፣ ጭቃው እስከ ኮፋኖዋ ተረጨና ቁጭ አለች። ነዳጅ ብረግጥ ቀርከሃው አንድ ጊዜ ክፉኛ ጮኸና ተሰነጠቀ።

ያን ጩኸት ሰምታ ነው እህቴ ከበሩ ብቅ ያለችው። ልጁን በነጭ ነጠላ ጠቅልላ ታቅፋዋለች። አየችን። ከአንዲት ጭቃ የለበሰች መኪና ላይ፣ አልጋ ላይ፣ ገሳ ሥር የተቀመጠች እናቷን አየች። ድንገትም ዳገቱን ቁልቁል መሮጥ ጀመረች።

አራስ እንዲያ ይሮጣል? በአርባ ቀኗ! «ቀስ! ቀስ በይ!» ብለን ሳንጨርስ አዳለጣትና በጉልበቷ ወደቀች። ልጁን ወደ ላይ አንስታ ያዘችው፤ ልጁም አለቀሰ። «ልጄን!» የሚል ጩኸት ከኋላዬ ሰማሁ። ስዞር አልጋው ባዶ ነው።

እናቴ እስከ ጉልበቷ ቡሬ ውስጥ ገብታለች። ያ ጭቃ መኪናዬን አስቁሟል፤ እሷን አላስቆማትም። እየወጣች እየገባች ደረሰችና ልጅንም የልጅ ልጅንም አንድ ላይ እቅፍ አደረገቻቸው። ሦስቱም አለቀሱ፤ ማን የማንን እንደሚያባብል አይታወቅም ነበር።

ኋላ ነው መሐላው የታወሰው። ሰው ሁሉ ወደ እናቴ እግር አየ፤ እናቴም ወደ ራሷ እግር አየች። ፊቷ አመድ መሰለ። አባ ጎረቤታችን ደግፏቸው ቀስ ብለው ወርደው መጡ።

«ረገጥሽ?» አሉ።

«አልረገጥሁም አባቴ። ጭቃው ነው እኔን የረገጠኝ።»

አባ ከንፈራቸውን ነክሰው ቆዩ፤ አልቻሉም፤ በመቋሚያቸው ተደግፈው እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ከዚያ ፊታቸውን አጠቆሩና «መሐላ ፈርሷል፤ ቀኖና አለብሽ። አርባ ስግደት» አሉ። እናቴ አንገቷን ደፋች። «እዚሁ ቡሬ የምትሰግጂው። በቀን አንድ። አንድ ቀን ከዘለልሽ እንደገና ከአንድ ትጀምሪያለሽ።»

አርባ ቀን ቡሬ! እናቴ «አባቴ፣ ምነው ይህን ያህል ይጨክኑብኛል?» አለች፤ ፊቷ ግን እንደ ልጅ ፊት በርቶ ነበር።

ልጁ በጊዜው ተጠመቀ። ጥለቷን በጥርሷ ተርትራ ማተቡን ስታወጣ «ለጥጃዋ ነው ብለሽኝ አልነበር?» አልኋት፤ በክርኗ ጎሸመችኝ። መኪናዬ እዚያው እንደተቀበረች ከረመች፤ በጥቅምት ቆፍሬ እስካወጣት ድረስ ዶሮዎች አደሩባት።

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ከእህቴ ቤት ገባን። አማቻችን ነጋዴው፣ በቅሎ ጀርባ ላይ የሚኖረው፣ የራሱ ደልደል ያለ ቤት ነበረው። እናቴን መደብ ላይ አስቀመጣትና ለብ ያለ ውሃ በማሰሮ አቀረበ። እህቴ ተንበርክካ ገበታውን ከፊቷ አደረገች፤ ባሏ ውሃውን ያፈሳል፣ እሷ የእናቷን እግር ታጥባለች። ጭቃው አልለቅ አለ። ግራውን ጨርሳ ቀኙን ስትይዝ እናቴ ጎንበስ አለችና የልጇን ራስ ዳበሰች።

«እሱን ደህና አድርገሽ እጠቢው» አለች። «ሲምል የነበረ እሱ ነው።»

እህቴ ሳቀች። ሳቋ መሐል ላይ ተሰበረና ግንባሯን በእናቴ እርጥብ ጉልበት ላይ ደፋች። ውሃው ቀዝቅዞ እንኳ አልተነሳችም።